አሥራ አንድ ሳምንት የኖረው ሻትሌን አረንጓዴ

ሻትሌን አረንጓዴ የተባለው የአዳራሽ እግር ኳስ ቡድን የኖረው አሥራ አንድ ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙንም ተሸነፈ። ያፈረሰው ግን ሽንፈት አልነበረም፤ ደብዳቤ ነው።

ቡድኑን ያቋቋሙት አቶ ሽፈራው ናቸው። ጄኔቭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ትራም ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ሐኪማቸው ይንቀሳቀሱ ቢላቸው ብቻዬን አልሮጥም ብለው ከቤተ ክርስቲያን ሰባት ወዳጆቻቸውን ሰበሰቡ። ከሁሉም ትንሹ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ጄኔቭ አጠገብ ሜራን በሚገኝ የትምህርት ቤት አዳራሽ ልምምድ ጀመሩ፤ በሊጉ የመጨረሻ ምድብም ተመዘገቡ። ከዚያ በታች ምድብ ስለሌለ መውረድ አያሰጋቸውም።

የመጀመሪያው ክስ በግልጽ የመጣ ነው። ግብ ጠባቂው አብዮት ከጨዋታ በፊት ሁለቱን ቋሚዎች ከሳመ በኋላ አግዳሚውንም ልሳም ብሎ ወንበር አስመጣ። ዳኛው አራት ደቂቃ ባከነ ሲል ሪፖርት ጻፈ። በሊጉ ደንብ ማንኛውም ክስ፣ የከሳሹ ስም ኖረም አልኖረም፣ የቡድኑ ኃላፊ ዙሪክ ድረስ ሄዶ በአካል መልስ ይሰጥበታል።

አቶ ሽፈራው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጉዞ በባቡር ተጉዘው ቀረቡ። የሊጉ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው በጀርመንኛ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ፈረንሳይኛ። ስለዚህ አስተርጓሚ ተጠራላቸው፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዙሪክ አጠገብ ያለችው የዲቲኮን ነዋሪ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ግቡ ለምን እንደሚሳም ጠየቀ። አቶ ሽፈራው ኳስ እንዳይገባበት ነው አሉ። ወይዘሮዋ ሳይስቁ ተረጎሙ፤ ጸሐፊውም ሳይስቅ መዘገበ። ነገሩ በማስጠንቀቂያ ታለፈ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እስከ ጣቢያው ሸኟቸው። ወሬ ወሬን እያነሳ ሁለት ባቡር አመለጣቸው።

በሁለት ሳምንቱ ስም የሌለው ደብዳቤ ለሊጉ ደረሰ። በጥሩ ጀርመንኛ የተጻፈ ነው። ከማልያዎቹ ሁለቱ ታጥበው ስለተሰበሰቡ እምብርት ያሳያሉ ይላል። አቶ ሽፈራው እንደገና ዙሪክ ሄዱ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ተቀያሪዎቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባሉ የሚል ነበር። ለሱም ሄዱ። ጉዞው መሮኛል ይላሉ፤ ከረባታቸውን ግን አይረሱም። ወይዘሮ ሮማነወርቅም ሁልጊዜ የተጫዋቾቹን ጤና በየስማቸው ይጠይቃሉ።

ሦስተኛው ደብዳቤ የከፋ ነበር። የተከላካዩ የአቶ ከበደ ጉልበት ብረት ነው፤ ብረቱም በመሣሪያነት አልተመዘገበም ይላል። ጽሕፈት ቤቱ የጉልበቱ ክብደት በግራም ተጽፎ እንዲቀርብ አዘዘ።

ቡድኑ የተደናገጠው ያን ጊዜ ነው። ብረቱን የሚያውቁት ልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚገቡት ስምንቱ ብቻ ናቸው። ከስምንቱ ጀርመንኛ የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ጴጥሮስ። ዙሪክ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ ተቀያሪ በመደረጉም ቅር ብሎታል።

ጴጥሮስ የአቶ ሽፈራው የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነው። ባለቤታቸው ሲያርፉ እስከ አርባው ድረስ ከቤታቸው አልጠፋም። አቶ ሽፈራው እሱ አያደርገውም ብለው ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ግን ሰው ሁሉ ሲጎተጉታቸው ከልምምድ በኋላ በጓደኞቹ ፊት ጠየቁት።

«ጴጥሮስ፣ አንተ ነህ?»

ጴጥሮስ ማልያውን አውልቆ አጠፈና ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ሌላው ይበለኝ፤ አንተ ግን ልትጠይቀኝ አይገባም ነበር።»

አቶ ሽፈራው ያን ሳምንት እህል አልዘለቃቸውም። የጉልበቱን ክብደት ይዘው ዙሪክ ሲሄዱ የሆነውን ሁሉ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ ነገሯቸው። ወይዘሮዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። አቶ ሽፈራው ስለ እኔ አዝነው ነው ብለው አሰቡ።

ከዚያ በኋላ ማንም ያልጠበቀው ደብዳቤ መጣ። አጭር ነው። ሻትሌን አረንጓዴ ጴጥሮስ የተባለውን ተጫዋች ያለ በደሉ አባሯል፤ ይመለስ ይላል። ሜራን ያሉት ሰባቱ ይህን ሲሰሙ ጥርጣሬያቸው ወደ እርግጠኝነት ተለወጠ። ለጴጥሮስ ከራሱ ከጴጥሮስ ሌላ ማን ይከራከራል ተባለ።

ጸሐፊው ግን ስለ በደል አልጠየቀም። አቶ ሽፈራውን አስጠርቶ ስንት ቀራችሁ ብቻ አላቸው። ሰባት አሉ። ደንቡን ገለጠ፤ ቡድን ከስምንት ሰው አያንስም። ሻትሌን አረንጓዴ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ፈረሰ፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጸሐፊውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ተረጎሙት።

ጣቢያው ድረስ ሸኟቸው። አቶ ሽፈራው ባቡሩ ሲመጣ ባርኔጣቸውን አነሱና እጃቸውን ዘረጉ። ጴጥሮስን ደጁ ሄደው ይቅር እንደሚሉት፣ እሳቸውም ከእንግዲህ ወደ ዙሪክ የሚያስጠራቸው ጉዳይ እንደሌለ ተናገሩ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን ይዘው አልለቀቁም።

«እኔ ስጽፍ እርስዎን እንዲጠሩልኝ እንጂ ቡድኑን እንዲያፈርሱት አልነበረም» አሉ።