ንጹሕ አንሶላ

የሥራ ባልደረባዋ እትዬ ማንተግቦሽ ሳያንኳኩ ሲገቡ ሆሳዕና አልጋውን አንጥፋ እየጨረሰች ነበር። የሆቴሉ ስዊት ክፍል በአንድ የድሮ የፖላንድ የሌቦች ኮሜዲ ፊልም አምሳል የተዘጋጀ ነው፤ ግድግዳው ላይ ባርኔጣ የደፉ ሌቦች ይስቃሉ፣ ጥግ ላይ ባዶ ካዝና ተከፍቶ ቆሟል፣ ምንጣፉ ላይ የሞተ ሰው ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል። የሆቴሉ እንግዶች እላዩ ላይ ተጋድመው ፎቶ ይነሳሉ። እትዬ ማንተግቦሽ ግን ዞረው አለፉት።

«ዛሬ ኦፍ አይደሉም እንዴ?» አለቻቸው።

«ነኝ። እንዲያው አብረን እንሂድ ብዬ ነው። ሱፐርቫይዘሯን አስፈቅጄልሻለሁ፤ ወንድምሽም ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀን ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ካዝናው ላይ ተክለው።

ሆሳዕና ምንም አልተሰማትም። እናቷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ የደወለላት ሁሉ የጠየቃት ስንት ሰዓት ከሥራ እንደምትወጣ ብቻ ነው። እዚሁ ውጭ አገር፣ ትሩጋኒና በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየጠበቃት እንደሆነ አወቀች። እዚያ እስክትደርስ ማንም መርዶውን አይነግራትም።

«ጨርሰሻል አይደል፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ፣ የተነጠፈውን አልጋ እያዩ።

ሆሳዕና አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው። አንድም ጭምድድ ያለ ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ጫፉን ይዛ ከነአልጋ ልብሱ ገፈፈችው።

«ገና ነኝ» አለች።

እትዬ ማንተግቦሽ ቦርሳቸውን ባዶው ካዝና ውስጥ አስቀመጡና የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዙላት።