ሚጡ የዞረችበት መረብ

መጀመሪያ የሰረዘችው አጎቷን ነው። ቀጥሎ ድመታቸውን። እናቷ ላይ ስትደርስ እጇን ከኮምፒውተሩ ቁልፎች አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

አባቷ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ለየክፍሉ ያወጣው ስም የቤተሰቡን ነበር። ፕሮግራሙ የመብራትና የውሃ መስመሮችን መረብ ይመረምራል፤ የትኛው መስመር ቢበጠስ የትኛው ሰፈር እንደሚቋረጥበት ይናገራል። በነጻ የተለቀቀ ነው፤ ማንም ይጠቀምበታል፣ ማንም ከፍቶ ያርመዋል። የተበላሸ መረጃ ሲሰጠው አልሠራም ብሎ የሚያኮርፈው ክፍል የእናቷን ስም ይዟል። እናቷ በሕይወት ሳለች ይህን ሰምታ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር።

መረቡን ከጫፍ ጫፍ እየዞረች የምታስሰው ደግሞ ሚጡ ናት። ሚጡ ማለት አሁን ስሞቹን የምትሰርዘው ራሷ ናት። ልጅ ሳለች ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞር ትውል፣ አሁን ወጣች ሲሏት ያንኑ ቤት ተመልሳ ትገባ ነበር። ኮዱ ውስጥም እንዲሁ ነበረች። መረቡ ሲሰፋ ሥራው አላልቅ ይል የነበረው በዚህ ነው። በቅርቡ ኮዱን አርማ፣ አንዴ የገባችበትን እንዳትደግም አደረገቻት። ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው አሁን ውሃ እስኪፈላ ያልቃል።

ስልኩ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከወዲያ ያለው ሥራውን ከአባቷ የተረከበው ፕሮግራመር ነው፤ የሰዎችን እርማት እያየ የሚቀበለውም የሚመልሰውም እሱ ነው።

«ፍጥነቱስ ግሩም ነው» አላት። «ስሞቹን ግን ጨርሺልኝ። አዲስ የመጣ ሁሉ ሚጡ ማን ናት ይለኛል። የአባትሽን ዘመድ ስቆጥር ልኑር?»

«እሷን ብቻ ብንተዋትስ?»

«እህቴ፣ ሊረከቡኝ የመጡት ሁሉ ማንበብ አቅቷቸው ጥለው ሄዱ። እኔም ደክሞኛል። ዘንድሮ ተረካቢ ካልተገኘ ዛሬ ነገ ሳልል እዘጋዋለሁ። አባትሽ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞት ነበር። አሁን ግን…»



አባቷ አጠገቧ ተቀምጧል። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏቸዋል። መርሳት ከያዘው ወዲህ ከስክሪኑ ፊት ካልሆነ አይረጋም።

«እመቤት፣ በጣም ደከሙ» አላት። «የሚጠብቅዎት ልጅ የለም?»

«አልደከመኝም፣ አባዬ።»

ከክረምት ወዲህ «እርስዎ» ነው የሚላት። መጀመሪያ ሰሞን ታርመው ነበር። ኋላ ተወችው።

የእናቷን ስም ሰረዘች። ከዚያ ሚጡን መረጠችና በቦታዋ «መስመር አሳሽ» ብላ ጻፈች። ማሽኑ በየፋይሉ ያሉትን ሁሉ ልተካ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። ፕሮግራሙን ሞከረችው፣ አንድም ስህተት አልተገኘም። ላከችው።

«ደረሰኝ» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው። «አሁን ማንም ይረከበዋል። አባትሽን ደስ እንዲለው ንገሪው።»

መስመሩ ተዘጋ። አባቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ወረደ። እንደገና ከላይ ጀመረ። መሃል ላይ ቆመ።

«ሚጡ የታለች?»

ጣቱን መስታወቱ ላይ ጫን አደረገ።

«ልጄ ናት። እዚህ ነበረች።»

«አለሁ፣ አባዬ። ይኸው አለሁ።»

ዞር ብሎ አያት። ሊያጽናናው ለመጣ እንግዳ እንደሚደረገው አንገቱን በአክብሮት ዝቅ አደረገላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት። እርስዎ ይረፉ። ዞራ ዞራ ትመጣለች፣ እኔ እጠብቃታለሁ።»

ጣቱን ከመስታወቱ ላይ አላነሳም።