የእድሩ ዳኛ

ወንድሟ በኤች አይ ቪ ሲሞት፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ «ሬሳውን የነካ ከእድሩ ይሰረዛል!» አሉ። እሷና እናቷ በአህያ ጋሪ ወስደው ቀበሩት።

እኚያን ሰው እግሯ ሥር ለማየት ስትል ሐኪም ሆነች፤ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ በመመራመርም ስሟ ገነነ።

ዛሬ ጋሽ ሽብሩ ከሴት ልጃቸው ጋር ፊቷ ቆመዋል። ቫይረሱ በልጅቱ ደም ውስጥ አለ፤ በሐኪሟ ክትትል የወለደችው ሕፃን ግን ነጻ ሆኗል።

ሽማግሌው እግሯ ላይ ወደቁ። «ልጄ፣ ውለታሽን በምን ልመልስ?»

«ይነሡ ጋሼ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆየ መቃብር እያነሣ ነው፤ ቅዳሜ የወንድሜ አፅም ይወጣል።»

«እንዴታ! እድርተኛውን በሙሉ ይዤ እመጣለሁ።»

«እድርተኛው ቆሞ ያያል። እርስዎ ብቻዎን ይሸከሙታል።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«አይከብድዎትም» አለች ጓንቷን እያወለቀች፤ «አጥንት ብቻ ነው የቀረው።»