የአዲሱ ኦፔራ ንግሥት

ዘፋኟ በድሮዎቹ ኦፔራዎች ውስጥ ንግሥት ሆና ነው የኖረችው። ዘውዱ የካርቶን ቢሆንም ከመድረክ ወርዳም አታወልቀውም እያሉ ያሟት ነበር። ቴአትር ቤቱ «ትንሽ ይረፉ» ብሎ ያሰናበታት ዕለት እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። ጥፋቱን የጣለችው በኦርኬስትራው መሪ ላይ ነው። ሰውየው ከእሷ ጋር እኩል መሄድ አቅቶት በየመስመሩ እያስቆመ ያርማት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከታናሽ እህቷ ጋር ቤት ዋለች። እህትየዋም በወጣትነቷ ትዘፍን ነበር፤ ግን ከአንድ ቤት ሁለት ዘፋኝ አይወጣም ተባለና ለታላቋ ልብስ መተኮስና ፒያኖ መምታት ደረሳት። ስለዚህ ዘፋኟ ቅናትን ከሩቅ ትለያለች።

ምልክቱም ሞልቷል። የፒያኖው ቀጫጭን ድምፆች ከሞቱ ቆይተዋል፤ እህትየዋ ግን «ደህና ነው እኮ፣ እትዬ» እያለች የሚቃኝ ሰው አትጠራም። የበሩ ደወል ተበላሽቷል፤ እሱንም አታሠራም። ስልክ የምታነሳው እሷ ብቻ ናት። ደግሞ እንደ ድሮው አፏን ከፍታ ማውራት ትታ ማጉረምረም ጀምራለች። «ምን አልሽ?» ስትባል ፊት ለፊት መጥታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቃል በቃል ትደግመዋለች።

«ሐኪም ዘንድ ብንሄድስ?» አለቻት አንድ ቀን።

«ጉሮሮዬ ምን ሆነ?»

«ጉሮሮሽን አይደለም፣ እትዬ...»

«ተይኝ እስቲ። በሽተኛ ናት እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው።»

አንድ ረፋድ ላይ አንድ ወጣት የሙዚቃ ደራሲ ቤታቸው መጣ። አዲስ ኦፔራ ጽፏል፤ ዋናዋን ሴት የምትዘፍንለት ግን አላገኘም። አንድ የድሮ ዜማ እንድታሰማው ለመናት። እህትየዋ እያቅማማች ፒያኖውን መታች፤ ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች። ስትጨርስ ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል።

«እንዲህ ያለ ድምፅ ነበር የማፈላልገው፤» አለ ጠጋ ብሎ። «አደራ፣ አንድም ነገር እንዳይቀይሩ።»

«ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አንዲት ታላቅ ዘፋኝ ነው። ከተማው ሁሉ ስለ ድምፅዋ ነው የሚያወራው።»

ሸኝታው ስትመለስ የእህቷ ፊት ዐመድ መስሏል።

«እትዬ፣ በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ እንዳትሄጂ። ይህ ሰው መጫወቻ ሊያደርግሽ ነው።»

«ድሮም እኔ ሲያልፍልኝ አንቺ እንቅልፍ የለሽም።»

«አንቺ የሰው ልጅ፣ ስሚኝ እንጂ!»

«አንቺን ስሰማ ነው የኖርኩት፤» አለችና ያኑ ዕለት ሻንጣዋን ደጅ አወጣችላት። እህትየዋ የምትሄድበት ቤት እንደሌላት ታውቅ ነበር።

ልምምዱ ገነት ሆነላት። እንደ ድሮው ኦፔራ በየመስመሩ የሚያስቆም የለም። አንዱ ያንሾካሹካል፣ ሌላው ይስቃል፣ ኦርኬስትራው ውስጥ ቆርቆሮ የሚደበድብም አለ።

«ሌሎቹ የሚሉትን አይከተሉ፤» አላት ደራሲው። «በአዲሱ ሥራ ሁሉም የየራሱን ነው የሚዘፍነው።»

መግቢያዋ ሲደርስ እጁን ያነሣላታል እንጂ አንድ ቀን አላረማትም። ወጣቶቹ ዘፋኞች እሷ ስትጀምር አንገታቸውን ይደፋሉ። እንዲያውም አንዱ አፉን በእጁ አፍኖ ሮጦ ወጣ። እንባው መጥቶበት ነው ብላ አዘነችለት።

እህትየዋ ቴአትር ቤቱ በር ላይ መመላለስ ስታበዛ ዘፋኟ ዘበኛውን ጠራችው። «ያቺ ሴት ከገባች እኔ እወጣለሁ» አለችው። ዘበኛውም ክንዷን ይዞ እየጎተተ ከደረጃው አወረዳት። ዘፋኟ ይህን ሁሉ ክፍት መስኮት ላይ ቆማ አየች። እህቷ ቀና ብላ የሆነ ነገር አለቻት፤ እንደ ልማዷ ግን ቃሏ አልተሰማም።

የመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በመጨረሻው ትዕይንት ብቻዋን ቆማ ስትዘፍን የፊት ወንበር ተመልካቾች ትከሻቸው ሲርገፈገፍ፣ መሐረብ ሲያወጡ አየች። መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ ብድግ አለ። ደራሲው እጇን ስሞ «ነገም እንደዚሁ» አላት። እሷን የቆጫት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቷ ይህን አይታ አለመቃጠሏ።

ልብስ ስትቀይር አንዲት አሮጊት አበባ ይዘው ገቡ። ዘፋኟ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ገና ስታይ ሙገሳ መሆኑን አውቃ፣ ፈገግ ብላ አንገቷን ትነቀንቅ ጀመር።

«የኔ እመቤት፣» አሉ አሮጊቷ፣ «መደንቆሯን ከራሷ በቀር አገር የሚያውቅባትን ዘፋኝ ሆነው ሲጫወቱ፣ እውነት አንዲት ነገር የሚሰሙ አይመስሉም ነበር።»