የዲንግ ሱቺን ፕሮግራም

ሼንዠን ባለው የሩዝ ማብሰያ ፋብሪካ መሐንዲሶቹ ከምሳ በኋላ መብራት አጥፍተው፣ በየጠረጴዛቸው አጠገብ ታጣፊ አልጋ ዘርግተው ይተኛሉ። ታን ዩዋንሄ ግን አልተኛም። ማብሰያውን የምታዝዘውን ትንሿን አዲስ ቺፕ እየሠራች ሳለ ባለችበት አስቁሞ እንከኗን የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ሲፈልግ ሰንብቶ፣ ገና ዛሬ ጠዋት የተለጠፈ አንድ አገኘ። አናቱ ላይ የሠሪዋ ስም አለ፦ ዲንግ ሱቺን።

"ላኦ ፓንግ፣ አብራን ትሠራ የነበረችው ሱቺን ሞታ የለ እንዴ?"

"አበባ ይዘህ የሄድከው አንተ አይደለህ?" አለው አንጋፋው ባልደረባው ከአልጋው ሳይነሣ። "ከቀብሯ ስትመለስ አይደል ከፕሮግራሟ ላይ ስሟን ፍቀህ የራስህን የጻፍከው? በል አሁን አስተኛን።"

"የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?" ብሎ ታን ሳቀ።

ቺፗን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ገመድ ሰካና "አቁም" የሚለውን ተጫነ። ቺፗ አጠገብ ብልጭ ድርግም ትል የነበረችው ቀይ መብራት እንደበራች ቀጥ አለች። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ፦

"የቀድሞው ፕሮግራም የማን ነው?"

ታን ሳያመነታ "የኔ" ብሎ ጻፈ። ቀይዋ መብራት እንደገና ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

የክፍሉ መብራት ሲበራ ላኦ ፓንግ አልጋውን እያጣጠፈ፣ "አንተ፣ ሰዓት ደርሷል እኮ" አለው። ታን ሰምቶታል። መዞር ቢፈልግም አንገቱ እምቢ አለው፤ ዐይኑን ለመጨፈን ቢታገልም ቆቡ አልንቀሳቀስ አለ። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳረፈ ቀርቷል። ማየት የሚችለው ፊት ለፊቱ የተጻፈውን ብቻ ነው፦

"ቆሟል። ለማስቀጠል ሠሪዋን ያስፈቅዱ።"