የሙሉሃብት ፍሪጅ

ታፈረ ለገና በዓል አምስት ቀን ሲቀረው ሞተ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። የሞተው በስኳር በሽታ ነው። ሰው ሁሉ ግን የገደለው ሙሉሃብት ነው አለ።

ሙሉሃብት ላሊበላ ከገበያው በታች መድኃኒት ቤት ነበረው። በአካባቢው ኢንሱሊን የሚገኘው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራቱ በዚያ የገና ጾም ሲሄድ ሲመጣ ከረመ።

ታፈረ ዓይኑ ስለደከመ መርፌውን የሚወጉት እናቱ እማማ ደብሪቱ ነበሩ። ከብልቃጡ በጎማው ክዳን በኩል እንዴት እንደሚቀዳ ያስተማራቸው ራሱ ሙሉሃብት ነው።

በጾሙ አጋማሽ እማማ ደብሪቱ መድኃኒት ቤቱ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ መርፌህ ልጄን ሊገድለው ነው! በወጋሁት ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል፤ ይንቀጠቀጣል።»

«ሳይበላ ወግተውት ነዋ፣ እማማ። ያብሉትና ይውጉት።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ ምን ላብላው? ወይስ እንዳንተ በጠዋት እንቁላል ይዋጥ?»

«ኧረ እኔም ጿሚ ነኝ!» አለ ሙሉሃብት። ወረፋ የያዙት ሳቁ። «የታመመ ይበላል፤ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ።»

እማማ ደብሪቱ አልሳቁም። «በል ሲሪንጅ አንድ ጨምርልኝ፤ ያኛው ደንዟል» አሉ። ሰጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ታፈረን መንቀጥቀጡ ተወው። እናቱ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ውሃ ጥም ያዘው፤ ከሳ፤ ያስመልሰው ጀመር። ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

በሠልስቱ ዕለት ደግሞ የታፈረ ልጅ ማኅሌት ተዝለፍልፋ ወደቀች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እናት የላትም። ወልድያ ሆስፒታል ወስደው ቢያስመረምሯት ያው የአባቷ በሽታ ሆነ። ሐኪሞቹ «ደህና መድኃኒት ካገኘችና ካልተቋረጠባት ትኖራለች» አሉ።

የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ደሳለ ከወልድያ መጣ። አስቀድሞ ለቅሶ ደረሰ። እማማ ደብሪቱ ከቢጫው ጀሪካን የነአኩቶ ለአብን ጠበል ቀድተው ሰጡት። ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን በየእሑዱ በእግራቸው እየሄዱ የሚያመጡት ነው። ደሳለ አማትቦ ጠጣ።

«መርፌውን ያቋረጡበት ቀን ነበር፣ እማማ?»

«አንድም ቀን! በስመ አብ እያልኩ፣ ጠዋትና ማታ።»

«ብልቃጡን ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ከእኔ በቀር ማን ይነካዋል?» ከሣጥን አውጥተው ሰጡት። ገና ግማሽ ነበር።

ደሳለ መድኃኒት ቤቱ ገብቶ ብልቃጡን ሙሉሃብት ፊት ናጠው። ያ ዓይነት ኢንሱሊን ሲናጥ እንደ ወተት ይነጣል። ይኼ ግን ጥርት እንዳለ ቀረ።

«ውሃ ነው» አለ ደሳለ።

«ከእኔ ሲወጣ ነጭ ነበር! እሽጉን ያስረከብኳቸው በእጃቸው ነው፣ በማርያም!»

ደሳለ የፍሪጁን መዝገብ ጠየቀ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አራት ዲግሪ ይላል። መብራት ሦስት ቀን ሙሉ በጠፋበት ጊዜም አራት።

«መብራት ሳይኖር አራት?»

ሙሉሃብት አቀረቀረ። «በረዶ ጨምሬበት ነበር። ልኬቱን ግን አላየሁም፤ ዝም ብዬ ሞላሁት።»

«በዚህ የዋሸ በብልቃጡ ምን ያቅተዋል?»

ከጓዳ በካርቶን የተጠራቀሙ ባዶ ብልቃጦች ተገኙ። «የሚወገዱ ናቸው» አለ ሙሉሃብት። የሰማው የለም። መድኃኒት ቤቱ ታሸገ። ፖሊስ ይዞት ሲሄድ ገበያተኛው «ውሃ ሻጭ!» እያለ ተከተለው።

አንዲት ጎረቤት እየሮጠች ለእማማ ደብሪቱ ነገረቻቸው። «ውሃ ነው አሉ፣ እማማ!»

«ውሃስ አይደለም» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ሴትዮዋ መርዝ ነው ያሏት መስሏት እሪ አለች።

በሳምንቱ ማኅሌት ተሽሏት ወደ ቤት ተመለሰች። ደሳለ ራሱ መድኃኒቷን በበረዶ ሣጥን ይዞ መጣ። እሽጉን አሳየ፤ ናጠው፤ እንደ ወተት ነጣ።

«ይኼ እውነተኛው ነው፣ እማማ። የሚወጓት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን አላት፣ ልጄ?» በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደገፋቸው። ልጆቹን መረቁለት፤ መንገዱን መረቁለት።

መኪናው ከዓይናቸው እስኪሰወር ደጃፍ ላይ ቆመው ሸኙት።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ነጩን ሁሉ በሲሪንጅ እየሳቡ መሬት ላይ አፈሰሱትና፣ በስመ አብ ብለው ብልቃጡን ከቢጫው ጀሪካን ሞሉት።