ሊፍት ውስጥ ሚዛን

«ጫማሽን አውልቂና ውጪበት» ይላል አባዬ፣ የሰው ሚዛኑን ሊፍቱ መሐል አስቀምጦ። ልጄ ጫማዋን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ትወጣበታለች። መርፌው ወዲያ ወዲህ ብሎ አርባ ዘጠኝ ላይ ይቆማል።

ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ቢሮዎቹ ተዘግተዋል። ዘበኛው «ካፒቴን መጡ!» ብሎ በሩን የከፈተው ለእሱ እንጂ ለእኔ አይደለም። እኔ እዚሁ ሕንፃ መግቢያ ላይ ስልክ ሳነሳና እንግዳ ስቀበል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አባዬ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሊፍቱን የነዳ ሰው ነው፤ ያውም ቁጥር ተጭነው የሚሄዱበትን ይህን ሳይሆን፣ በእጀታ የሚነዳውን የድሮውን። ካፒቴን የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው።

የመጣነው ክርክር ልንፈታ ነው። ልጄ ሰኞ የቴክኒክ ማሠልጠኛውን የመግቢያ ፈተና ትፈተናለች፤ ከስንት ሺህ ሰው አርባ ብቻ ነው የሚወስዱት። ጠዋት ከመልመጃ መጽሐፏ አንዱን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበችው። አንድ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል፤ ሊፍቱ በእኩል ፍጥነት እየወጣ ነው፤ ሚዛኑ ስንት ያሳያል? መጽሐፉ «ያንኑ ክብደቱን» ይላል። አባዬ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «መጽሐፉ ተሳስቷል» አለ። «ሲወጣ ይጨምራል፣ ሲወርድ ይቀንሳል። በዓይኔ ያየሁትን ነገር!»

ልጄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። ኋላ ለብቻዋ ሹክ እላታለሁ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን «ሄደን አንሞክረውም?» ብላ ተነሣች።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት እዚያው ማሠልጠኛ ልገባ ስፈተን መጥቶልኝ ነበር። ሌላው ተፈታኝ እርሳሱን ሲያኝክ፣ እኔ እየሳቅሁ «ይጨምራል» የሚለውን አጠቆርኩ። መግቢያው ሰባ አንድ ነበር፤ እኔ ያመጣሁት ሰባ። ለአባዬ «ሒሳብ ነው የጣለኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላልኩም።

እንዴትስ እላለሁ? ፊዚክስን ያስወደደኝ እሱ ነው። እሑድ እሑድ፣ ሕንፃው ጭር ሲል፣ ይህንኑ ሚዛን በብብቱ ይዞ ያመጣኝ ነበር። እጀታውን ገፋ ሲያደርገው ወለሉ እግሬን ወደ ላይ ይገፋኛል። «አየሽ? ጨመረ አይደል?» ይለኛል። እውነትም ጨምሯል። የማሽን ቅባቱ ሽታ፣ የሚታጠፈው የብረት በር ኳኳታ፣ የአባዬ የተተኮሰ ኮት! ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ፈተናውን ከማለፍ ይልቅ ያ እሑድ ቢመለስልኝ እመርጣለሁ።

«ዘጠኝን ተጫኚ» ይለኛል አሁን፣ ልጄ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች። እጫናለሁ። ሊፍቱ ሲነሣ መርፌው ሃምሳ ሦስትን ይነካል።

«ይኸው! ምን አልኩ!»

«ቆይ አባባ» ትላለች ልጄ፣ እንዳቀረቀረች። «ተመለሰ።»

«ምኑ?»

«አርባ ዘጠኝ ላይ ቆመ። እየወጣን እኮ ነው።»

አባዬ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጎንበስ ይላል። ሦስተኛ ፎቅ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። መርፌው ንቅንቅ አይልም። ዘጠነኛው ላይ ሊቆም ሲል ብቻ ትንሽ ይወርድና ይመለሳል።

«አዲሱ ሊፍት ስለሆነ ነው» እላለሁ ቶሎ ብዬ። «የድሮው ሌላ ነበር።» ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ እቆጣታለሁ።

«የድሮውም ያው ነው» ይላል አባዬ ቀስ ብሎ። «እኔ መርፌውን የማየው ስነሣ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። ከፎቁ ወለል ጋር እኩል ካላቆምኩት ሰው ይደናቀፍብኛላ።» ቀና ብሎ ያየኛል። «አንቺ ግን እላዩ ላይ ነበርሽ። አላየሽም?»

እኔ የማየው እጁን ነበር። ያን የሚያክል ሊፍት በሁለት ጣቱ አባብሎ ልክ ወለሉ ላይ ሲያሳርፈው እያየሁ፣ መርፌ ትዝ ይለኛል እንዴ?

«አላየሁም አባዬ።»

መነጽሩን ያወልቃል፤ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፤ አያደርገውም።

«ያኔ የጣለሽ ሒሳብ አይደለም።»

«ሒሳብም ነበረበት» እላለሁ።

ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «ስሚ፣ ሰኞ መጽሐፉ ያለውን ነው የምትጽፊው» ይላታል። «ካፒቴን ምን ያውቃል!» ልጄ ከሚዛኑ ወርዳ አንገቱን ታቅፈዋለች።

ጫማውን ያወልቃል። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ክንዱን ይዤ እደግፈዋለሁ፤ ኮቱ ውስጥ ክንዱን ፈልጌ ነው የማገኘው።

«በይ ወደ ታች ውሰጅን። አንቺ ደግሞ አሁን እስከ መጨረሻው እዪልኝ፤ እኔ ያለመነጽር አይታየኝም።»

ልጄ ቁጥሩን ትጫናለች። እኔ ወለሉ ላይ እንበረከካለሁ። መርፌው ትንሽ ወርዶ ይመለሳል።

«ስንት ይላል?»

«ሃምሳ አራት።» ድሮ ሰማንያ ነበር።

«አሁንስ?»

«ሃምሳ አራት።»

ሰባተኛ፣ ስድስተኛ፣ አምስተኛ። በየፎቁ ይጠይቀኛል፣ በየፎቁ ያንኑ እመልሳለሁ። ሁለተኛውን ስናልፍ ቀኝ እጁ ከጎኑ ይነሣል፤ ባዶ አየር ላይ ሁለቱ ጣቶቹ እጀታ እንደያዙ ይታጠፋሉ፤ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይስባሉ።

«አሁንስ?» ይለኛል።

መርፌውን አላየሁትም።